የጠፋው ሞተሩ ነው ወይስ ሰውየው?

ባለፈው ክረምት፣ የፈረንጆቹ በጋ መሆኑ ነው፣ አንድ የቆየ ወዳጄ ተቆጥቶ ከቤቴ መጣ። ወዳጄ አገር ቤት ሳለ የመንገድ ሥራ መሐንዲስ ነበር፤ ዛሬ እንደኔው በኮሎራዶ የአውሮራ ከተማ ኗሪ ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ተራራ መውጣት ለምዷል። በዚያ ሰሞን ስንቁንና ድንኳኑን በጀርባው አዝሎ ከኮሎራዶ ጥብቅ ዱሮች ወደ አንዱ ገብቶ ነበር። ገና ግማሽ ቀን ሳይሄድ ንፋስ የጣለው ግንድ በግንድ ላይ ተጋድሞ መንገዱን ዘጋበት። አንዱን ሲሻገር ሌላው፣ ሌላውን ሲዞር ሦስተኛው እየገጠመው፣ ሱሪው ተቀዶ፣ ጉልበቱ ተልጦ ተመለሰ።

«የዱሩ ዘበኛ ምን አለኝ መሰለህ?» አለኝ ገና ሳይቀመጥ። «እዚህ ውስጥ በሞተር መጋዝ መቁረጥ ክልክል ነው፤ የእጅ መጋዝ የያዙት ሠራተኞች እስኪደርሱ መታገሥ ነው፤ አለኝ! ጨረቃ ላይ ሰው ያወጣ አገር እኮ ነው! እኛ አገር እንኳ ግንድ በእጁ የሚገዘግዘው ሌላ ያጣ ድኻ ነው። እነዚህ ግን ጥጋብ ነው ያናገራቸው!»

ቡናው እስኪፈላ ብዙ ተባባልን። እሱም አልተረታም፤ እኔም አልተረታሁም። ስለዚህ መልሴን በጽሑፍ ላድርገው። መልሱ ለእሱ ብቻ አይደለም። እሱ ያለውን የሚሉ ሕግ አውጪዎች፣ ብስክሌተኞች፣ ባለፈረሶችና የመሥሪያ ቤት ሹማምንት እዚህ አሜሪካ ሞልተዋልና።

* * *

ከጨረቃው ልጀምር። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የጥብቅ ዱሮችን ሕግ የፈረሙት ሴፕቴምበር 3 ቀን 1964 ነው (የአሜሪካኑን ዘመን ሁሉ በፈረንጆቹ እቆጥራለሁ)። ሰው ጨረቃን የረገጠው በ1969 ነው። እንግዲህ ሞተርን ከዱር ያስወጣውና ከአምስት ዓመት በኋላ ጨረቃ ላይ የወጣው ሕዝብ አንድ ሕዝብ ነው። ሞተር አጥቶ አልከለከለም። ሞተር የገባበት ቦታ ምን እንደሚሆን ከማንም ይበልጥ አይቶ ነው የከለከለው።

የሕጉ ዋና ረቂቅ ጸሐፊ ሃዋርድ ዛህናይዘር ይባላል። ሙያው የመጽሔት አዘጋጅነት ነበር። ከ1956 ጀምሮ ረቂቁ ስልሳ ስድስት ጊዜ ያህል ተጽፎ ተፍቋል፤ አሥራ ስምንት ጊዜ በኮንግረስ ፊት የሕዝብ አስተያየት ተሰምቶበታል። ዛህናይዘር ሕጉ ሊፈረም አራት ወር ሲቀረው ሞተ። ዱሩን ለመግለጽ የመረጠውን ቃል ብዙ ፈረንጅ ራሱ «ያልተረገጠ» ማለት እየመሰለው ይሳሳታል። ትርጉሙ ግን «ያልተጠፈረ» ነው፤ እግሩ ላይ ጋዳ ያልገባበት እንደማለት። ዱሩ የተከለለው ሰው እንዳይረግጠው አይደለም። ሰው ይገባል፤ ያድራል፤ ዓሣ ያጠምዳል፤ በፈረስና በበቅሎ ይሄዳል። የተከለለው ሰው እንዳይጠፍረው ነው።

ስለዚህም ሕጉ መኪናን፣ የሞተር መሣሪያን፣ የሞተር ጀልባን፣ የአውሮፕላን ማረፍን፣ ብስክሌትን ሳይቀር ከለከለ። ታዲያ ሕጉ ጨካኝ አይደለም። ሰው አደጋ ላይ ሲወድቅ ሄሊኮፕተር ሊገባ ይችላል። እሳት ሲነሣ የሞተር መጋዝ ሊገባ ይችላል። አካል ጉዳተኛ በተሽከርካሪ ወንበሩ እንዳይገባ የሚያግድ ነገር እንደሌለ በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ በግልጽ አስፍሯል። ለአስተዳዳሪው መሥሪያ ቤትም ቢሆን፣ ለዱሩ ዓላማ የግድ ሲሆንና ከግዱ ሳያልፍ፣ በሞተር የሚጠቀምበት በር ተትቶለታል። ጠባብ በር ነው።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እንጨት ነጋዴውን ያስወጣው እዚያው ሕግ ውስጥ ያለው የንግድ ክልከላ ነው። ይህ የሞተር አንቀጽ ታዲያ ከሁሉ በፊት የሚይዘው ማንን ነው? ጠባቂውን! መኪናውም፣ ሄሊኮፕተሩም፣ የሞተር መጋዙም ያለው በመሥሪያ ቤቱ እጅ ነው። ሌባን የሚከለክል ሕግ በየአገሩ ሞልቷል። «አንተም ዘበኛው ብትሆን እጅህን ሰብስብ» የሚል ሕግ ግን ስንት አለ? ወዳጄ አምልኮ ነው ያለው ይህንን ነው። እኔ ደግሞ ከአሜሪካን ሕጎች ሁሉ የምቀናበት ይህ ነው።

* * *

ወዳጄ መንገድ መዘጋቱ ግን እውነት ነው። ጉልበቱን በዓይኔ አይቻለሁ። ክርክራችን «ማን ዘጋው?» በሚለው ላይ ነው።

የኮንግረስ የሒሳብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2013 አንድ ሪፖርት አውጥቶ ነበር። የአሜሪካ የደን አገልግሎት ከሚያስተዳድረው 158 ሺህ ማይል የእግር መንገድ ውስጥ፣ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ባወጣው መለኪያ ደኅና የሆነው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው ይላል። በ2012 ሳይሠራ የተከማቸው የጥገና ሥራ በገንዘብ ሲተመን 314 ሚሊዮን ዶላር ነበር። እዚህ ላይ ቆም እንበል። ከዚህ 158 ሺህ ማይል አብዛኛው የሚገኘው ከጥብቅ ዱር ውጪ ነው። እዚያ የሞተር መጋዝን ይህ ሕግ አልከለከለውም። ታዲያ እዚያ መንገዱን ማን ዘጋው? በሽታው የሞተር መከልከል ቢሆን ኖሮ ሞተር የተፈቀደበቱ ሁሉ ጤነኛ መሆን አልነበረበትም?

በሽታውን መሥሪያ ቤቱ በ2015 በራሱ አንደበት ተናግሮታል። በ1995 ለሰደድ እሳት የሚያወጣው ገንዘብ ከበጀቱ 16 በመቶ ነበር። በ2015 ከግማሽ አለፈ። ከእሳት ሥራ ውጪ ያለው ሠራተኛ በ1998 ወደ 18 ሺህ ገደማ ነበር፤ በ2015 ከ11 ሺህ በታች ሆነ። እሳቱ በጀቱን በላው፤ መንገድ ጠራጊው ደመወዝ አጣ፤ ግንዱም እወደቀበት ተጋድሞ ቀረ። ኮንግረስም በ2016 ስለ እግር መንገዶች አንድ ሕግ አውጥቶ ነበር፤ ዋናው መላው ግን በጎ ፈቃደኛ ይብዛ የሚል ሆነ። በጎ ፈቃደኛ ይብዛ፤ ማን ይጠላል! ነገር ግን በጎ ፈቃደኛውንም የሚያሠለጥነው፣ የሚመራው፣ መጋዙን የሚስልለት ደመወዝተኛ ሰው ያስፈልጋል።

የ2025ቱ ፌብሩዋሪ ደግሞ የባሰውን አሳየን። ከደን አገልግሎት ከሁለት ሺህ የማያንሱ የሙከራ ጊዜ ሠራተኞች በአንድ ሰሞን ተሰናበቱ። ኋላ በትእዛዝ የተመለሱ ብዙ ናቸው፤ መንገድ ጥረጋ ግን ዓመት ጠብቆ የሚሠራ ሥራ ነው፤ የተበታተነ ጓድ በወረቀት ትእዛዝ በማግስቱ አይሰበሰብም። በዚያው ወር፣ በ20ኛው ቀን፣ ኢሎን መስክ ከአርጀንቲናው ፕሬዚዳንት ከሐቪየር ሚሌ የተቀበሉትን የሞተር መጋዝ በወግ አጥባቂዎች ጉባኤ መድረክ ላይ ከፍ አድርገው ሲወዘውዙ ዓለም በቴሌቪዥን ተመለከተ። እንግዲህ የሞተር መጋዙ መጣልህ ወዳጄ! የቆረጠው ግን ግንዱን ሳይሆን ግንድ ቆራጩን ነው።

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይሉ የለም አባቶች? በጀቱን የቆረጠውን መናገር ያስፈራል፤ ስድሳ ዓመት ያለፈውን ሕግ መደብደብ ግን ማንንም አያስቀይምም።

«ሰው ካነሰማ ያለው ሰው ፈጣን መሣሪያ ቢይዝ ምን አለበት?» አለኝ ወዳጄ። ከክርክሮቹ ሁሉ ጠንካራው ይህ ነውና ሳልመልሰው አላልፍም። ግንዱ ዘንድ ከተደረሰ በኋላ የሞተሩ መጋዝ ይፈጥናል፤ አልክድም። ግን የጥብቅ ዱር ሥራ ብዙ ጊዜው መሄድ ነው። ሠራተኛው ከመኪና ወርዶ በእግሩ ይጓዛል። የሞተር መጋዝ ሲይዝ ቤንዚኑን፣ ዘይቱን፣ እግሩን ከስለቱ የሚጠብቅለትን ልብስ፣ የጆሮ መከላከያውን አብሮ ይሸከማል። ደግሞስ መጋዙን የሚይዘው ማን ነው? ያው ሰው ነው! ሰው ቀንሰው ሞተር ሲሰጡ ሥራው ከቀጠለ፣ በጀት ቆራጩ የሚማረው አንድ ትምህርት ብቻ ነው፤ «ሰው መቀነስ ዋጋ አያስከፍልም» የሚል። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ይቀንሳል።

* * *

«ለአንድ ጊዜ ብቻ ቢፈቀድስ?» የሚለው ቀጣዩ ነው። ይህም ተሞክሯል። እዚሁ ኮሎራዶ ውስጥ፣ በሳን ህዋን ተራሮች፣ ዌሚኑቺ የሚባል በ1975 የተከለለ ጥብቅ ዱር አለ። ስፋቱ ወደ 500 ሺህ ኤከር ይጠጋል፤ በእኛ አምስት ሺህ ጋሻ ገደማ ነው። ስፕሩስ የተባለውን የጥድ ዘመድ ቅርፊት ሰርሳሪ ጥንዚዛ ፈጀውና የደረቀው ዛፍ በየመንገዱ መውደቅ ጀመረ። በ2019 የደን አገልግሎት የአካባቢው ሹም በዌሚኑቺና በጎረቤቱ በሳውዝ ሳን ህዋን ጥብቅ ዱር ለአንድ በጋ የሞተር መጋዝ ይግባ ብለው ፈቀዱ። ሦስት የተቆርቋሪ ማኅበራት ፍርድ ቤት ከሰሱ። መሥሪያ ቤቱም ፈቃዱን ራሱ አነሣ። ሕጉ «የግድ ሲሆን» ይላል እንጂ «ሠራተኛ ሲያንስ» አይልም። ራስ ባጓደሉት ሰው ምክንያት የመጣ ችግር «ግድ» ሊባል ከቻለ፣ በየዓመቱ ሰው እያጓደሉ በየዓመቱ ግድ መፍጠር ይቻላል ማለት ነው።

ቀዳዳ እንዴት እንደሚሰፋ ማየት የሚፈልግ የጆርጂያዋን የከምበርላንድ ደሴት ታሪክ ይመልከት። የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት በጥብቅ ዱሩ ውስጥ ወዳሉት የድሮ ቤቶች በመኪና ይመላለስ ነበር፤ ቤቶቹን ለመጠበቅ ነው በሚል። ቀጥሎ መኪናው መሄዱ ካልቀረ ጎብኚ ቢጭን ምን ይጎዳል ተባለ። ጎብኚ በመኪና ወደ ጥብቅ ዱር መግባት ጀመረ! በ2004 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ይህ የሕጉን ትርጉም መገልበጥ ነው ብሎ ፈረደ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ለመልካም ነገር ብቻ አይደለም። ዘበኛው ለሥራው ያስገባው ሞተር ሳይውል ሳያድር ለመዝናኛ ተሳፋሪ ያበጃል።

በ2018 ደግሞ የዩታው ሴናተር ማይክ ሊ አንድ ረቂቅ ሕግ አቀረቡ። ብስክሌት ወደ ጥብቅ ዱር እንዲገባ መንገድ የሚከፍት ነበር። ለመንገድ ጥገና የሞተር መጋዝ እንዲፈቀድ የሚለውም በዚያው ወረቀት ላይ ሰፍሯል። ረቂቁ ሕግ ሆኖ አልጸደቀም። እኔ ግን አጻጻፉን አልረሳሁትም፤ መጋዙና መንኮራኩሩ ጎን ለጎን ሆነው በአንድ በር ሊገቡ ሲሉ አይቻለሁና።

ሕጉ አይነካ፣ አይሻሻል እያልኩ አይደለም። በዋሽንግተን ግዛት በግላሲየር ፒክ ጥብቅ ዱር ውስጥ፣ በግሪን ማውንቴን አናት ላይ፣ አንድ የቆየ የእሳት መጠበቂያ ማማ ነበር። መሥሪያ ቤቱ በሄሊኮፕተር ጭምር አድሶ መልሶ ሠራው። በ2012 ፍርድ ቤት ይህ ሕግ መጣስ ነው፤ ይነሣ አለ። የአካባቢው ሰው ግን ማማውን ይወደው ነበርና ለእንደራሴዎቹ አመለከተ። ኮንግረስም በ2014 ማማው ባለበት ይቆይ የሚል ሕግ አወጣ። ውጤቱን መውደድ አለመውደድ ሌላ ነገር ነው። መንገዱ ግን ትክክል ነው። ልዩ ፈቃድ ካስፈለገ በአደባባይ ተከራክሮ፣ ድምፅ ተሰጥቶበት፣ ስም ተጠርቶ ይሰጥ። የሚያስፈራኝ በቢሮ ውስጥ በአንድ ሹም ፊርማ የሚሰጠው ነው።

* * *

ስለ «ድንቁርና» ደግሞ ትንሽ ልበል። ወዳጄ የሁለት ሰው መጋዝ ሲባል ዓይነ ልቡናው የሚያየው አገር ቤት ጣውላ ሲሰነጥቁ የሚውሉትን ምስኪኖች ነው። የእነሱ ልፋት ከችግር የመጣ ነው፤ ልናሞግሰው አይገባም። እዚህ ግን መጋዙ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ ተጠብቋል። ከጥርሶቹ አንዳንዶቹ ቆራጭ፣ አንዳንዶቹ ጠራጊ ናቸው። ቆራጮቹ ግራና ቀኝ ይበጣጥሳሉ፤ ጠራጊዎቹ የተበጠሰውን አንሥተው ያወጣሉ። በሚገባ የተሞረደ መጋዝ የሚያወጣው ሰጋቱራ አይደለም፤ እንደ ፓስታ የረዘመ ፍቅፋቂ ነው። ዋረን ሚለር የተባለ የደን አገልግሎት ባለሙያ የመጋዙን አሳሳልና አያያዝ በ1977 በመጽሐፍ ባያሰፍረው ኖሮ ብዙው ዕውቀት ከሽማግሌዎቹ ጋር በተቀበረ ነበር። የመጀመሪያው ትምህርት «ሳብ እንጂ አትግፋ» ነው። ተራህ ሲደርስ ትስባለህ፤ የባልንጀራህ ተራ ሲሆን እጅህን ታላላለህ። ከገፋህበት መጋዙ ይቀለበሳል።

ዋጋ የለውም አልልም። በእጅ ሲሠራ ዘንድሮ መጠረግ የሚገባው መንገድ ለከርሞ ይተርፋል። አንዳንዱም ጭራሽ ይጠፋል። የበቅሎ ጫኝ ገበያው ይጎድላል። ሰው በተዘጋው መንገድ ዙሪያ ሌላ መንገድ እየረገጠ አፈሩን ያቆስላል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ የማይከፈልበት ክልከላ ደግሞ ክልከላ አይባልም። ነገር ግን ጥብቅ ዱር ለማንም የተጠረገ መንገድ ቃል አልገባም። ጥብቅ የተባለው ከ110 ሚሊዮን ኤከር የሚበልጥ መሬት ቢሆንም ከግማሹ የሚበልጠው ያለው አላስካ ነው፤ በቀረው አሜሪካ ውስጥ ድርሻው ትንሽ ነው። በሌላው ሁሉ ሞተሩ ያጓራል። እዚህች ላይ ዝም ቢል ምን ይጎድልብናል?

* * *

ወዳጄ በመጨረሻ «ይህ የጠገበ አገር ቅንጦት ነው፤ ለእኛ አይገባንም» አለኝ። እዚህ ላይ ነው የተቆጣሁት። መንዝ ጓሳን ረሳኸው? የቀሮ ሥርዓት በነበረበት ዘመን የጓሳ ሣር ሦስትም አምስትም ዓመት ይዘጋ ነበር። በመዝጊያው ጊዜ ከብት አይገባም፤ ማጭድ አይገባም። ቀኑ ሲደርስ ይታወጃል፤ ያን ጊዜ ሁሉም ለቤቱ ክዳንና ለገመዱ ያጭዳል። ማጭድ ክፉ መሣሪያ ስለሆነ ነበር የተዘጋው? ወይስ መንዜ ሣር ተርፎት? ብርድ ውስጥ ያለ፣ ቤቱ የሚያፈስ ገበሬ ነበር «ዛሬ አይደለም» ብሎ እጁን የሰበሰበው። ጓሳ ለልጅ ልጅ የደረሰው በዚህ ነው። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ያ የጋራ ሥርዓት ሲፈርስ ጓሳ ምን ያህል እንደተጎዳ የመንዝ ሽማግሌ ይነግርሃል። ስለዚህ መሣሪያ እያለ እጅ መሰብሰብ ከፈረንጅ የተማርነው ቅንጦት አይደለም። እኛ ዘንድ ድኻው ያውቀው ነበር።

እንግዲህ ወዳጄ፣ አንተ ዛሬ የአሜሪካ ዜጋ ነህ፤ ድምፅ ትሰጣለህ፤ ግብር ትከፍላለህ። ለእንደራሴህ ደብዳቤ ለመጻፍ ማሰብህን ነግረኸኛል። ጻፍ። ግን «የሞተር መጋዝ ፍቀዱ» ብለህ አትጻፍ። «ያባረራችሁትን ሰው መልሱ፤ በእሳት ያስበላችሁትን የመንገድ በጀት ተኩ፤ የሁለት ሰው መጋዝ የሚስሉ ወጣቶች አሠልጥኑ» ብለህ ጻፍ። እኔም እፈርምበታለሁ። ለከርሞ ክረምት ደግሞ ከበጎ ፈቃደኞቹ ጋር ሦስት ቀን ለመሥራት ተመዝግቤያለሁ። መጋዙ ሁለት መያዣ አለው። ጉልበትህ ከዳነ ና፤ አንዱን ያዝልኝ።